የወባ ትኩሳት ከየት ይመጣል? ፓራሳይቱ የሚተወው ቆሻሻና የሰውነታችን ቁጣ

መተማ_ዳር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። መተማ አካባቢ ሰሊጥ እርሻ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመጣሁት ከደብረ ታቦር ነው። ሰሞኑን ወባ ይዞኝ ነበር። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ነው አሉኝ። መድኃኒቱን እየጨረስኩ ነው፣ አሁን ደህና ነኝ። አንድ ነገር ግን ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ።

አንደኛ፣ ትኩሳቱ ሰዓት ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጠኛል። ብርድ ልብስ ቢደራረብብኝ አይሞቀኝም። ከዚያ እንደ እሳት እነዳለሁ። ከዚያ በላብ እጠመቃለሁ። በማግስቱ ሰላም ነኝ፣ ቢሮም እገባለሁ። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ገደማ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ አብሮኝ የሚሠራ የአካባቢው ልጅ አብሮኝ ተመረመረ። እሱም ደም ውስጥ ያው ቫይቫክስ ተገኘ። እሱ ግን ምንም አይሰማውም! ሰሊጥ ሲያጭድ ነው የዋለው።

ፓራሳይቱ፣ ማለትም የወባው ተሐዋስ፣ ያው ከሆነ እኔን የጣለኝ ምኑ ነው? መርዝ ይረጫል እንዴ? የምታውቁ በናታችሁ አስረዱኝ።


የላብ_እህት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡48

እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። እኔ አርባ ምንጭ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። በወባ ወቅት ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ። ጥያቄህ ልብ የሚነካ ነው፤ የታመመ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

ትንኟ ከነከሰችህ በኋላ ፓራሳይቱ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። እዚያ ሳለ አታውቀውም። ከጉበት ወጥቶ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሲገባም ወዲያው አያምህም። ሴሉ ውስጥ ተቀምጦ ይበላል፣ ያድጋል፣ ይከፋፈላል። ቫይቫክስ ላይ ይህ ሁሉ 48 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ሴሉ ይፈነዳል። ከአንድ ሴል አሥራ ምናምን፣ አንዳንዴም ከ20 በላይ ልጆች ይወጡና ሌላ ቀይ ሴል ፍለጋ ይበተናሉ።

ትኩሳቱ የሚነሳው ያኔ ነው። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ የሕሙማንን ደም እየተከታተለ ሲያይ ሴሎቹ የሚፈነዱበትና ብርድ ብርድ የሚልበት ሰዓት እንደሚገጥም አስተዋለ። ማላሪዬ የሚባለው ዝርያ 72 ሰዓት ስለሚፈጅበት ሁለት ቀን እየዘለለ ይመጣል። ፋልሲፓረም በሚባለው ዝርያ ላይ ግን ፓራሳይቶቹ ብዙ ጊዜ እኩል አይፈነዱም። ስለዚህ ሰዓቱ ይዘበራረቃል። ይህን የምለው «ትኩሳቴ ቀን አይዘልም፣ ስለዚህ ወባ አይደለም» የሚሉ ሰዎች ስለሚያጋጥሙኝ ነው። እንዲህ ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ተመርመሩ።

ሴሉ ሲፈነዳ የሚወጡት ልጆቹ ብቻ አይደሉም። ሁለት ቀን ሙሉ የተጠራቀመው ቆሻሻ አብሮ ደም ውስጥ ይፈስሳል። እኔ በዓይኔ የማየው አንዱን ነው። የደም ስላይዱን ጊምሳ በሚባል ቀለም ቀልሜ ሳየው፣ ያደገ ቫይቫክስ ውስጥ ወርቃማ ቡናማ የሆኑ ደቃቅ ፍሬዎች ተበትነው ይታያሉ። የፋልሲፓረም ሲሆን ቀለሙ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የጠቆረ ነጠብጣብ ይሆናል። ሄሞዞይን ይባላል። አንዳንዴ ፓራሳይቱን ፈልጌ አጣና ይህንኑ ቀለም ነጭ የደም ሴል ሆድ ውስጥ አገኘዋለሁ። ነጩ ሴል ውጦት ነው። ያኔ «ይህ ሰው ወባ አለበት፣ ወይም በቅርቡ ነበረበት» እላለሁ።

መርዝ ይረጫል ወይ ላልከው፣ በከፊል አዎ። ግን ያን ያህል ያንቀጠቀጠህ የገዛ ሰውነትህ ለዚያ ቆሻሻ የሰጠው ምላሽ ነው። ቀሪውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ያብራራልህ።


ሲስተር_ቆላ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

የላብ እህቴ በደንብ ገልጻዋለች። እኔ ነርስ ነኝ፤ ስለ ብርዱና ስለ ላቡ ልጨምር።

ነጭ ሴሎችህ ያንን ቆሻሻ ሲያገኙ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ኢንተርሊውኪን 1፣ ኢንተርሊውኪን 6፣ ቲኤንኤፍ የሚባሉት ዋነኞቹ ናቸው። እነዚህ ደርሰው አእምሮ ሥር ባለው ሃይፖታላመስ ላይ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እንዲመረት ያደርጋሉ። ሃይፖታላመስ የሰውነትን ሙቀት የሚመራ ነው። ካውያ ላይ ያለውን የሙቀት ቁልፍ ወደ ላይ እንደማዞር ቁጠረው። ቁልፉ 40 ላይ ሲደረግ አንተ ገና 37 ላይ ነህ። ስለዚህ ሰውነትህ በረደኝ ይላል። የቆዳ ደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ ይንገጫገጫል። ብርድ ልብሱ ያላሞቀህ ለዚህ ነው። 40 ስትደርስ ብርዱ ይቆምና ግለቱ ይመጣል። የቆሻሻው ማዕበል ሲያልፍ ቁልፉ ወደ 37 ይመለሳል፤ ትርፉን ሙቀት ደግሞ በላብ ታወጣዋለህ።

ፓራሲታሞል የሚሠራው ፕሮስታግላንዲኑ እንዳይመረት በማድረግ ነው። ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ሰውን ያሳርፋል። ፓራሳይቱን ግን አይነካውም። እባካችሁ፣ በተለይ እናቶች፣ ሕፃኑ በፓራሲታሞል ቀዝቀዝ ስላለ ብቻ ምርመራውን አታሳድሩት።


ኬሚስቱ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ሰላም ከስቶክሆልም። ባዮኬሚስትሪ ነው የማጠናው፤ ወባ ደግሞ ልቤ ያለበት ርዕስ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ዝዋይ ስለሆነ ከልጅነቴ አውቃታለሁ። ስለ ቆሻሻው ራሱ ልግባበት። ረዘም ይላል።

ፓራሳይቱ የተቀመጠበት ቀይ ሴል በሄሞግሎቢን የታጨቀ ነው። ከግማሽ በላይ ይበላዋል፤ እስከ 80 በመቶ የሚደርስበትም አለ። ከዚያ አሚኖ አሲድ ያገኛል። የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን ውስጥ የሌለው አንድ አሚኖ አሲድ አይሶሊውሲን ስለሆነ እሱን ከደምህ ይወስዳል። ችግር የሚሆንበት ሄም ነው። ሄም ብረት ያዘለው፣ ለደም ቀይ መልኩን የሚሰጠው ክፍል ነው። ሄሞግሎቢን ሲፈጭ ሄሙ ነጻ ይሆናል፤ ነጻ ሄም ደግሞ ለፓራሳይቱም መርዝ ነው። ሽፋኑን ይበሳሳበታል። ስለዚህ ሄሞቹን አያይዞ የማይሟሟ ክሪስታል ያደርጋቸዋል። የላብ እህታችን የምታየው ቡናማ ፍሬ ይህ ነው።

ክሎሮኩዊን የተባለው የወባ መድኃኒት የሚገድለው እዚች ላይ ገብቶ ነው። ሄሙ ክሪስታል እንዳይሆን ያግዳል፤ ፓራሳይቱ በገዛ ትርፍራፊው ተመርዞ ይሞታል። የሌላው የወባ መድኃኒት፣ የኮአርተም፣ አንዱ ክፍል አርቴሜተርም ቢሆን የሚነቃው በዚሁ የሄም ብረት ነው። ቀለሙ በታሪክም ባለውለታ ነው። ሻርል ላቭራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ኮንስታንቲን ውስጥ ፓራሳይቱን ያገኘው ይህን ቀለም ሲከታተል ነው። ሮናልድ ሮስም በ1897 ሕንድ ውስጥ ትንኝ ሲቀድ ከሆዷ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሴሎች የወባ መሆናቸውን የለየው ውስጣቸው ባለው ጥቁር ፍሬ ነው።

ሰውነታችን ወደሚሰጠው ምላሽ፣ ወደ ብግነቱ ስመለስ፦ ነጭ ሴል ክሪስታሉን ይውጠዋል፤ መፍጨት ግን አይችልም። ሆዱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ያ ጉዳት ኤንኤልአርፒ3 የሚባለውን የአደጋ ደወል ያስነሳል። ኤንኤልአርፒ3 ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተሰባስቦ ኢንፍላማሶም ይሆናል፤ ኢንፍላማሶሙ ካስፔዝ 1 የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፤ ካስፔዝ 1 ደግሞ ተኝቶ የነበረውን ኢንተርሊውኪን 1 ቆርጦ ያነቃዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሲስተር ነግራሃለች።

እዚህ ላይ ሳይንቲስቶች ብዙ የተከራከሩበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ሄሞዞይን ቲኤልአር9 የተባለውን ተቀባይ ራሱ በቀጥታ ይቀሰቅሳል አሉ። ቲኤልአር9 በመደበኛው የባክቴሪያንና የመሳሰሉትን ዲኤንኤ የሚለይ ተቀባይ ነው። በ2007 ደግሞ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ያለ ቡድን ከክሪስታሉ ላይ ዲኤንኤውን በኢንዛይም አጠፋለትና ሞከረው። ክሪስታሉ ዝም አለ። የሚቀሰቅሰው ተለጥፎበት የመጣው የፓራሳይቱ ዲኤንኤ ነው፣ ክሪስታሉ ተሸካሚ ነው አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ዲኤንኤ ብቻውን ደም ውስጥ ቢፈስ ቶሎ ይበጣጠሳል፤ ቲኤልአር9 ያለውም ሴሉ ውስጥ በተዘጋ ከረጢት ነው። ክሪስታሉ ግን ዲኤንኤውን ይዞ እዚያው ከረጢት ድረስ ያደርሰዋል። ሕመምተኛ ደም ውስጥ ባዶ፣ ንጹሕ ክሪስታል የሚባል ነገርም የለም። ከነጓዙ ነው የሚወጣው።

ነገ በሌሎቹ ቆሻሻዎች እመለሳለሁ። ዩሪክ አሲድ አለ፣ ከፓራሳይቱ ቆዳ የሚነሳ ስብ አለ፣ አንድ በጣም የሚገርመኝ ደግሞ አለ።


የአዳማው
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ዩሪክ አሲድ አልክ? ቆይ ቆይ። እኔ የሪህ በሽተኛ ነኝ። አውራ ጣቴ ሲነሳብኝ አንሶላ ሲነካኝ እንኳ እጮኻለሁ። ወባና ሪህ ምን ያገናኛቸዋል? ሥጋ የሚበላ ሰው ወባ ይብስበታል ማለት ነው?


ኬሚስቱ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡15

ይማርህ ወንድሜ፣ ሪህ ከባድ ነው። ሥጋን ከወባ ጋር አታያይዘው፤ የወባው ዩሪክ አሲድ በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። ግንኙነቱ ግን እውነት ነው፤ ጥያቄህም ቁም ነገር አለው።

የወባ ፓራሳይት ዲኤንኤ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፒዩሪን የሚባል ነገር ከባዶ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ሃይፖዛንቲን የተባለውን ከእኛ ይወስዳል፤ በብዛት ያጠራቅማል። ሴሉ ሲፈነዳ ያ የተጠራቀመው ሃይፖዛንቲን ይፈሳል። የራሳችን ኢንዛይም፣ ዛንቲን ኦክሲዴዝ፣ አግኝቶ ወደ ዩሪክ አሲድ ይቀይረዋል። አንተ ምናልባት የምትወስደው አሎፑሪኖል የሚያግደው ይህንኑ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በአይጥ ወባ ፓራሳይት ላይ ይህን መንገድ አሳየ፤ ዩሪክ አሲዱ ሲወገድ ሴሎቹ የሚለቁት ቲኤንኤፍ በእጅጉ ይቀንሳል። በ2012 ደግሞ ማሊ ውስጥ ፋልሲፓረም በያዛቸው ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት የዩሪክ አሲድ መጠንና የሕመሙ ክብደት አብረው እንደሚሄዱ አገኘ።

አሁን ወደ ጣትህ። የሪህ ክሪስታል መገጣጠሚያህ ውስጥ የሚቀሰቅሰው ያንኑ ኤንኤልአርፒ3 ነው። ይህ በ2006 በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ነው የታወቀው። ስለዚህ የአንተ አውራ ጣትና የመተማው ወንድማችን ትኩሳት በአንድ በር ያልፋሉ። ዛንቲን ኦክሲዴዝ ሲሠራ ሴል የሚጎዳ የኦክስጅን ዓይነትም ስለሚለቅ ጉዳቱ ድርብ ነው። አሎፑሪኖል ለወባ ውሰዱ እያልኩ አይደለም። ምርምር ላይ ያለ ነገር ነው።

ከፓራሳይቱ ቆዳ የሚነሳው ጂፒአይ ይባላል። ፕሮቲኖችን ሽፋኑ ላይ የሚያስር፣ ስኳርና ስብ የተቀላቀለበት መልሕቅ ነው። ነጭ ሴሎች በዋናነት ቲኤልአር2 በተባለ ተቀባይ ይለዩታል፤ ቲኤንኤፍ ያስለቅቃል። በ1993 ነው ይህ በጉልህ የታየው። በ2002 ተመራማሪዎች ይህን መልሕቅ በኬሚስትሪ ሠርተው አይጦችን ከተቡበት። ውጤቱ ሲያስገርመኝ ይኖራል። አይጦቹ ደም ውስጥ ያለው ፓራሳይት አልቀነሰም። የሞቱት አይጦች ግን በጣም ቀነሱ። ፓራሳይቱ እዚያው አለ፣ መርዙ ላይ ግን ፀረ እንግዳ አካል አለ። በሰው ላይ እስካሁን ክትባት አልሆነም።

ይገርመኛል ያልኩት ሌላው ነው። ፓራሳይቱ ውስጥ አፒኮፕላስት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ቅድመ አያቱ ከዋጠው የቀይ አልጌ ዘር የመጣች ናት። ብርሃን አትጠቀምም፤ ቅባት ነክ ነገሮችን ግን ዛሬም በዕፅዋትና በባክቴሪያ መንገድ ትሠራለች። በዚያ መንገድ መሐል ኤችኤምቢፒፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ይመረታል። የእኛ ሰውነት ይህን ሞለኪውል አይሠራም። ስለዚህ ጋማ ዴልታ ቲ ሴል የሚባሉት ዘበኞቻችን ትንሽ መጠኑን ሲያገኙ ባዕድ እንደገባ ያውቃሉ። ይባዛሉ፣ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ሳይቶካይንና ቲኤንኤፍ ይለቃሉ። ወባ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ላይ ይህ ምላሽ ኃይለኛ ነው።

ይኼው ኤችኤምቢፒፒ ትንኟንም ይጠራል። እዚሁ ስቶክሆልም ያሉ ተመራማሪዎች በ2017 እንዳሳዩት፣ ቀይ የደም ሴሎች ይህን ሲያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ትንኝ የሚስቡ ሽታዎችን አብዝተው ይለቃሉ። ትንኟም ያንን ደም ትመርጣለች፣ አብዝታ ትጠጣለች። እኛን የሚያሳምመው ነገር ለእሷ ግብዣ ሆነ ማለት ነው።


መተማ_ዳር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

እግዚአብሔር ይስጥልን ኬሚስቱ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ግን ሁለተኛው ጥያቄዬ አልተመለሰም። ጓደኛዬስ? የእሱም ሴሎች ይፈነዳሉ፤ ቆሻሻው የእሱም ደም ውስጥ ይፈሳል። ለምን ዝም አለው?


ጋሽ_ደምቢያ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ልጆቼ፣ እናንተ በሳይንሱ ተነጋገሩ፣ እኔ ያየሁትን ልናገር። በወጣትነቴ በየመንደሩ እየዞርኩ ዲዲቲ እረጭ ነበር። ቆለኛው ወባን ለምዶ ይኖራል። ያመዋል፣ ይነሳል። ሕፃናቱ ግን ይሞታሉ። ደገኛው ሲወርድ ጎልማሳውም ይወድቃል። በእኛ አገር በደምቢያ እ.ኤ.አ. በ1958 የሆነውን ወላጆቻችን ሲያወሩ ያለቅሱ ነበር። ያን ዓመት ወባ ወትሮ ወደማታውቀው ከፍታ ወጣች። በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ገደማ እንደሞተ ተመዝግቧል። ሰብል የሚያጭድ ጠፋ፤ የሚቀብር ጠፋ ይሉን ነበር። በጤነኛ ወገን ላይ የመጣ እሳት ነበር። እንግዲህ መልመድ የሚባለው ምን እንደሆነ እናንተ ንገሩን።


የላብ_እህት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። ያሉት በትክክል መልሱ ነው። የ1958ቱ እልቂት የዚህ ርዕስ እምብርት ነው። የደጋ ሰው ሰውነት ያንን ቆሻሻ አይቶት አያውቅም። መጀመሪያ ሲያየው ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣበታል።

መተማ ዳር፣ ጓደኛህ ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ተይዟል። ሁለት ነገር ተለውጧል። አንዱ፣ ፀረ እንግዳ አካሎች አሉት፤ ስለዚህ ፓራሳይቱ ብዙ አይበዛበትም። ሌላው፣ ነጭ ሴሎቹ ለዚያው ቆሻሻ እንደ ድሮው አይጮኹም። ኡጋንዳ ውስጥ ወባ በብዛት ባለበት አካባቢ ያሉ ሕፃናት ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አለ። ደጋግመው የታመሙት ልጆች ላይ ኬሚስቱ የነገረህ ጋማ ዴልታ ቲ ሴሎች ቁጥራቸው ቀንሶ፣ ለፓራሳይቱ የሚሰጡት ምላሽም ደክሞ ተገኘ። እነዚያ ልጆች ፓራሳይት እያለባቸው የመታመም ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። ኢንተርሊውኪን 10 የሚባል ረጋ በሉ የሚል ሳይቶካይንም አለ፤ በለመዱ ሰዎች ላይ ሚዛኑ ወደሱ ያደላል።

ቫይቫክስ ደግሞ ባልለመደ ሰው ላይ በትንሽ ፓራሳይት ትልቅ ትኩሳት ያስነሳል። ስላይድ ላይ ደክሜ ደክሜ ጥቂት ብቻ አግኝቼ፣ ሰውየው ግን ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶት ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

ጓደኛህ አልታመመም ብላችሁ እንዳትተዉት። ይታከም። ትንኟ ከእሱ ጠጥታ ወደ አንተ ትመጣለች። ደግሞም ይህ መልመድ ይደበዝዛል። ከቆላ ወጥቶ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ለዓመታት የኖረ ሰው ሲመለስ «እኔ የቆላ ልጅ ነኝ» ብሎ አጎበር ይተዋል። እንደ እንግዳ ነው የሚወድቀው።


ሦስተኛ_ዓመት
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የሕክምና ተማሪ ነኝ። ውይይቱ ግሩም ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚጎዳን የገዛ ሰውነታችን ቁጣ ከሆነ፣ አእምሮ ላይ ለወጣ ወባ ለምን ዴክሳሜታሶን አንሰጥም? ብግነቱን ዝም ማሰኘት ነው። ወይም ቲኤንኤፍን የሚያጠፋ መድኃኒት?


ሲስተር_ቆላ
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡45

ዶክተርዬ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም በተግባር ሲሞከር አይቻለሁ። በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ራሷን የሳተች ልጅ ላይ ከወባ መድኃኒቱ በፊት ዴክሳሜታሶን ተሰጠ። አርቲሱኔቱ ዘገየ። ልጅቷ ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። በዚህ በሽታ እያንዳንዷ ሰዓት የፓራሳይቱ ናት።

ዴክሳሜታሶን በደንብ ተጠንቷል። ታይላንድ ውስጥ አእምሮ ላይ ወባ ወጥቶባቸው ራሳቸውን የሳቱ 100 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1982 ውጤቱ ወጣ። የሞት ቁጥር ላይ ለውጥ አልነበረም። የወሰዱት የነቁት ግን ዘግይተው ነው፤ በአማካይ 63 ሰዓት፣ ያልወሰዱት 47 ሰዓት። የሳንባ ምችና የሆድ መድማትም በዛባቸው። ስለዚህ አይሰጥም።


ኬሚስቱ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሲስተር በያዘችው ላይ ልጨምር። ቲኤንኤፍን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካልም ተሞክሯል። ጋምቢያ ውስጥ ከ600 በላይ ሕፃናት ላይ ነው፣ በ1996 የወጣ። ትኩሳቱን ቶሎ አበረደ። ሞትን ግን አልቀነሰም፤ ከተረፉት መካከል የነርቭ ጉዳት የቀረባቸው ይልቅ በዝተው ተገኙ።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው የእኔ እምነት የጊዜ ጉዳይ ነው። ልጁ ራሱን ስቶ ሲመጣ ቲኤንኤፍ ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል። ቲኤንኤፍ የደም ሥር ግድግዳ ላይ አይካም1 የሚባል መያዣ እንዲበዛ ያደርጋል። በፋልሲፓረም የተያዙ ቀይ ሴሎች እሱንና ሌሎች መያዣዎችን ይዘው የአእምሮ ጥቃቅን ደም ሥሮች ውስጥ ይለጠፋሉ። እዚያ ተከማችተው ይፈነዳሉ፤ ሄሙም፣ ሄሞዞይኑም፣ ዩሪክ አሲዱም የሚፈሰው እዚያው ነው። ግድግዳው ያፈስሳል፣ አእምሮ ያብጣል። በማላዊ ሕፃናት ላይ በኤምአርአይ የተደረገውና በ2015 የወጣው ጥናት የሞቱት ልጆች አብዛኞቹ አእምሯቸው በጣም አብጦ እንደነበር አሳይቷል። ይህ ከተጀመረ በኋላ አንድ ሳይቶካይን ብቻ መያዝ ዘግይቷል።

ሌላም አለ። ያው ቁጣ ፓራሳይቱን የሚገታውም ነው። መጀመሪያ ላይ ኢንተርፌሮን ጋማና ቲኤንኤፍ በቂ ካልሆኑ ፓራሳይቱ ያለ ከልካይ ይበዛል። ስለዚህ ሁሉንም ዝም ማሰኘት አያዋጣም። እኔ ተስፋ የማደርገው ምንጩ ላይ ነው። ሃይፖዛንቲኑ ዩሪክ አሲድ እንዳይሆን ማድረግ፣ ወይም መርዙን ራሱን መያዝ፤ ከፀረ ወባ መድኃኒት ጋር፣ በእሱ ምትክ ሳይሆን።


የላብ_እህት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

ለተማሪው አንድ በእጅህ ልታደርገው የምትችለው ነገር ልንገርህ። ከባድ ወባ ያለበት ሰው ስላይድ ሲመጣልህ ፓራሳይት ቆጥረህ ብቻ አታስቀምጠው። ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች እያቸው፤ ስንቶቹ ቀለም ውጠዋል? ቬትናም ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ቀለም የዋጡ ኒውትሮፊሎች ከ5 በመቶ ሲበልጡ የሞት አደጋው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ደም ውስጥ የሚዞረው ፓራሳይት ትንሽ ሆኖ፣ የተለጠፈውና የፈነዳው ብዙ የሆነበት ጊዜ አለ። ነጩ ሴል የዋጠው ቀለም ያንን የተደበቀ ብዛት ይነግርሃል። ማሽን አይፈልግም። ጥሩ ቀለም፣ ጥሩ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃል።


ሲስተር_ቆላ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡40

ስኳርንም አትርሱ። ፓራሳይቱ ግሉኮስ ይጨርሳል፣ ላክቲክ አሲድ ይተፋል። ወባ የያዘው ሕፃን ሲፈዝ ወይም ሲንቀጠቀጥ ስኳሩ ቶሎ ይለካ። በፍጥነትና በጥልቀት የሚተነፍስ ከሆነ ደሙ አሲድ ሆኖ ሊሆን ይችላል። የበላውን ሁሉ የሚያስታውክ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ራሱን የሳተ ልጅ በጤና ኬላ አይቆይ። ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ።


የአዳማው
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ጥያቄ ልጨምር፣ አትሰልቹኝ። የእህቴ ልጅ ፋልሲፓረም ይዞት ኮአርተሙን ሦስት ቀን ሙሉ ወስዶ ጨረሰ። ትኩሳቱም ጠፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉንፋን ሲይዘው በጣት ደም በፈጣኑ መመርመሪያ አዩት፤ አሁንም ወባ አለበት አሉን። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? ወይስ ይኼ ቆሻሻ ነው?


የላብ_እህት
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ቆሻሻው ሊሆን ይችላል። ለፋልሲፓረም የሚሆነው መስመር ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን የሚፈልግ ከሆነ፣ ያ ፕሮቲን ፓራሳይቱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ መስመሩ ቢወጣ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። ዝም ብሎ ማለፍ ግን አይቻልም፤ እንደገና ተነክሶ ወይም በሽታው አገርሽቶበት ሊሆንም ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና በማይክሮስኮፕ ይታይለት በሏቸው። መቼ እንደታመመና ኮአርተሙን መቼ እንደጨረሰ ጽፋችሁ ያዙ፤ የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

መተማ ዳር፣ አንተም ስትሄድ ፕሪማኩዊን ታዞልህ እንደሆነ ጠይቅ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ክሎሮኩዊን የተኛውን አይነካውም። ፕሪማኩዊን ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ራስህ ገዝተህ እንዳትውጥ። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ቀይ ሴሉ ይፈርስበታል። ሐኪም ይወስንልህ።


መተማ_ዳር
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00

ፕሪማኩዊን አልተሰጠኝም። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ጓደኛዬንም ይዤው ነው የምሄደው። የሚሉኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።